በር የሌለውን ነገር ማን ይሸጠዋል?

አጎቴ ሜጫ ነው የሚያርሱት፤ ከመራዊ ብዙም ሳይርቅ። አክስቴ ደግሞ ምሥራቅ ጎጃም ናቸው፤ ቢቸና በኩል። አጎቴ በቆሎ ይዘራሉ። አክስቴ ከጤፍ በቀር አይሆንላቸውም። ሁለቱም ጎበዝ ገበሬ ናቸው። ልጅ ሆኜ ግን አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። አጎቴ በየዓመቱ ክረምቱ ሳይገባ የዘር ገንዘብ ፍለጋ ይጨነቃሉ። አክስቴ አይጨነቁም። ዘራቸውን ከጎተራ ዘግነው ያወጣሉ።

አንድ ጊዜ አጎቴን ጠየቅኋቸው። «እርስዎስ ለምን ካምናው ምርት አያስቀሩም?»

«ያምናው በቆሎ ዘንድሮ ይከዳል ልጄ» አሉኝ። «አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ ፍሬው ይሳሳል። የማይከዳስ ጤፍ ነው።»

ያኔ አልገባኝም። ዛሬ ሳስበው የነጻ ገበያ አቅም እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ የለም። ስለ በቆሎና ጤፍ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አጎቴ የሚዘሩት የተዳቀለ በቆሎ ነው። ሁለት የተለያዩ ወላጆችን አዳቅለው ያወጡት ዘር የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጉልበቱ ልዩ ነው። ምርቱን መልሰው ሲዘሩት ግን ያ ጉልበት ይበተናል። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ተመልሶ ወደ ሻጩ ይሄዳል። ጤፍ እንዲህ አይደለም። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። ልጁ አባቱን ይመስላል። አንድ ጥሩ የጤፍ ዝርያ አንዴ እጅህ ከገባ ለዓመታት ያንተ ነው፤ የጎረቤትህም ነው፤ የጎረቤትህ አማችም ነው። አክስቴ ጥሩ ጤፍ ያዩበት ቤት ሄደው በቁና ይለውጣሉ፤ በቃ።

አሁን ራስህን በዘር ነጋዴ ቦታ አስቀምጥ። የተሻለ ዝርያ ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል። ማዳቀል፣ መምረጥ፣ በየአፈሩ መሞከር፣ ባለሙያ መቅጠር፤ ይህ ሁሉ ወጪ ነው። በበቆሎ ከሆነ ወጪህን ትመልሳለህ፤ ገዢህ ከርሞም ይመጣል። በጤፍ ከሆነ ዘንድሮ ትሸጣለህ፣ ከርሞ ገዢህ ራሱ ዘር ሰጪ ሆኖ ይጠብቅሃል። ለዚህ ነው የበቆሎ ዘር ላይ የውጭ ኩባንያ ሳይቀር ገብቶ የሚነግደው። የጤፍ ዝርያ ለማውጣት ገንዘቡን የሚያፈስ ነጋዴ ግን እምብዛም የለም። ዛሬ በየቤቱ የሚታወቀው «ቁንጮ» ጤፍ በ1998 ዓ.ም የወጣው ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ በሕዝብ ገንዘብ ማለት ነው። ከወጣ በኋላ ደግሞ ብዙውን መንገድ የሄደው ከገበሬ ወደ ገበሬ ነው።

ልብ በል፤ የጤፍ ገበያ ደካማ ሆኖ አይደለም። ጎጃም ውስጥ እንደ ጤፍ የሚፈለግ እህል የለም። ሰው ይፈልገዋል፣ ገንዘብም ይከፍልበታል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። የበቆሎው ዘር ውስጥ ተፈጥሮ በር ሠርታበታለች፤ የጤፉ ዘር ውስጥ በር የለም። ያልከፈለውን ውጭ የሚያስቀር በር ከሌለ ነጋዴ ከፊቱ ቆሞ ሂሳብ የሚቀበልበት ቦታ የለውም።

ኢኮኖሚስቶች ይህን በሁለት ጥያቄ ይለዩታል። አንደኛው፣ ያልከፈለውን ሰው ማስቀረት ይቻላል ወይ? ሁለተኛው፣ አንዱ ሲጠቀም ለሌላው ይጎድላል ወይ? አንድ ጣሳ ሽምብራ ብንወስድ፣ ያልከፈለ አይወስደውም፤ እኔ ከበላሁት ለአንተ አይተርፍም። ገበያ እንዲህ ባለው ነገር ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ማንም ሳያዘው ሽምብራውን ከበረሃ አፋፍ እስከ ባሕር ዳር ያደርሰዋል። ሁለቱም መልስ «አይደለም» ሲሆን ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ገባን። የጤፍ ዝርያ እውቀት እንዲህ ነው። እኔ ብጠቀምበት ለአንተ አይጎድልም፤ አንተን ልከልክል ብልም አልችልም። ይህን ነገር አንዳንዱ «የሕዝብ ዕቃ» ይለዋል፤ እኔ «የጋራ ጥቅም» ብዬ ልቀጥል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1954 በሂሳብ አስተካክሎ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ፖል ሳሙኤልሰን ነው። ዋናው ነገር ግን ከእሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። የነጻ ገበያ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1776 ጽፎታል። አንዳንድ ሥራ ለመላው ኅብረተሰብ ከወጪው በላይ ይከፍላል፤ ለሠራው ግለሰብ ግን ወጪውን እንኳ አይመልስለትም ብሏል። እንዲህ ያለው የመንግሥት ግዴታ ነው ያለው እሱ ነው። ስሚዝን እየጠሩ «ሁሉንም ለገበያ ተዉት» የሚሉ ሰዎች ይህን ገጽ የሚዘሉት ይመስለኛል።

ከሞጣ ወጣ ብሎ፣ ዓባይ ጎጃምን ከጎንደር በሚለይበት ገደል፣ ሰባራ ድልድይ የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱ ቅስት ተቆረጠ። ስሙም ከዚያ መጣ። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ሰባራ ሆኖ ቀረ። ሰው በዚህና በዚያ ጫፍ በቆሙ ወንዶች ገመድ እየተሳበ፣ ከሥሩ ዓባይ እያጓራ ተሻገረ። ፎቶውን መጽሔት ላይ ያየ አንድ አሜሪካዊ ገንዘብ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱን እስኪያስገጥም ድረስ እንዲያ ነበር። በኋላ ደግሞ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። በሁለቱም በኩል ገበያ አለ። በሁለቱም በኩል ነጋዴ አለ። ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል፣ የታመመ ይሻገራል። ድልድዩ ቢጠገን የሚያተርፈው ሰው ብዛቱ አይቆጠርም። ታዲያ ለምን 60 ዓመት? ሰዉ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንል የለም? ገበያ ግን ሃምሳውን ሰው አንድ ላይ ጠርቶ አይጠይቅም። አንድ በአንድ ነው የሚጠይቀው። አንድ በአንድ ሲጠየቅ ደግሞ እያንዳንዱ የሚያስበው አንድ ነው፤ «እኔ ባላዋጣ የእኔ ድርሻ ድልድዩን አያስቀረውም። ከተሠራ ደግሞ እሻገርበታለሁ።» ይህን ያሰበ ሰው ክፉ አይደለም። ሂሳቡ ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ ሲያስብ ግን ድልድዩ ይቀራል። ትልቁ ችግር ይኸው ነው። በሰው ላብ መሻገር ለአንድ ሰው ያዋጣል፤ ሁሉም ሲያደርገው ግን የሚሻገሩበት አይኖርም።

«ድልድይ ላይማ በር ማድረግ ይቻላል፣ ቀረጥ መሰብሰብ ነው» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። ድልድይ ከጤፍ ዝርያ ይለያል፤ ኬላ ማቆም ይቻላል። ግን ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዱፕዊ እ.ኤ.አ. በ1844 ያነሳው ነጥብ አለ። ድልድዩ አንዴ ከቆመ፣ አንዲት ተጨማሪ ሴት ብትሻገርበት ድልድዩ ምንም አይጎድልበትም። ደርዘን እንቁላልና ትንሽ የጎመን ዘር ይዛ የምትመጣን ሴት አስብ። ቀረጡ ትርፏን የሚበላባት ከሆነ ከቤቷ አትወጣም። እሷ አጣች፤ እንቁላሉን የሚገዛው አጣ፤ ባለ ድልድዩም ከእሷ አንድ ሳንቲም አላገኘ። ማንም ያልተጠቀመበት ኪሳራ ነው። በር መሥራት ስለተቻለ ብቻ በር መሥራት ልክ ነው ማለት አይደለም።

በሽታ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ገንዘብ ያለው ሰው አጎበር ይገዛል፣ መድኃኒት ይገዛል። ገበያው ይህን ያቀርባል። ወባ ግን የአንድ ቤት ነገር አይደለም። ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለ ገበሬ የደጁን ኩሬ ቢያፋስስ የጎረቤቱ ኩሬ ትንኝ ይልክበታል። ቤቱን ቢያስረጭ ደግሞ ላልረጨውም ጎረቤት ይጠቅማል፤ ለዚያ ጥቅም ግን ማንም አይከፍለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ የሚገዛው ለሁሉም ከሚያስፈልገው ሁልጊዜ ያንሳል። ወባ ሲዛመት ምን እንደሚሆን አገራችን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል።

በተቃራኒው ፈንጣጣን አስብ። እ.ኤ.አ. በ1980 ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ታወጀ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ክትባት ተሸክመው ተራራና በረሃ የዞሩ ሰዎች ናቸው ያጠፉት። ዛሬ ዳንግላ የምትወለድ ልጅ ለፈንጣጣ አትከተብም፤ ፊቷም በፈንጣጣ ጠባሳ አይበላሽም። ለዚህ አንድ ብር አልከፈለችም። «ፈንጣጣ የሌለበት ዓለም» የሚባል ዕቃ በየትኛው ሱቅ ይሸጣል? ማንስ ገዝቶ ብቻውን ይወስደዋል? እኔ የሰው ልጅ ከሠራቸው ሁሉ ይህን የሚበልጥ አላውቅም፤ ከገበያ ግን አልመጣም።

ገበያን ልወቅሰው አልፈልግም። እንዲያውም ጎጃም ውስጥ ገበያ ደን ሲያበቅል አይቻለሁ። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ሂድ። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ምርት እምቢ ያለበት መሬት ላይ ገበሬው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል፤ ከሰሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ማንም ሳያስገድድ አገሩ አረንጓዴ ሆነ። ከሰል በጆንያ የሚታሰር፣ በር ያለው ነገር ስለሆነ ነው።

ከዚያ ባለፉት ዓመታት ዲከረንሱ ላይ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ወደቀ። የፈንገሱ ብናኝ በነፋስ ይሄዳል። አጥር አያውቅም። አንዱ ገበሬ የታመመውን ዛፍ ቀድሞ ቢያስወግድ ጎረቤቱን ነው የሚያድነው፤ እሱ ግን ዛፉን ያጣል። በሽታውን ማጥናት፣ የሚቋቋም ዝርያ መፈለግ፣ ችግኝ ከወረዳ ወረዳ እንዳይዞር መጠበቅ የአንድ ከሰል ሻጭ ሥራ አይደለም። በአንድ ማሳ ላይ፣ በአንድ ዛፍ ላይ ሁለቱንም አየን። ከሰሉን ገበያ አሳመረው። የዛፉን ጤና ግን ሊጠብቀው አልቻለም።

ጮቄ ላይ ደግሞ የዚህን ግልባጭ ታያለህ። ተራራው የብዙ ወንዝ እናት ነው፤ ውሃው ሁሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ላይ ያለው ገበሬ እርከን ቢሠራ የታችኛው ገበሬ ማሳ ከጎርፍ ይድናል፣ ምንጩ በጋውን ይዘልቃል፣ ግድቡ በደለል አይሞላም። ለላይኛው ግን እርከኑ ከጠባብ መሬቱ ላይ ቦታ ይወስድበታል። ጉልበቱ የእሱ፣ መሬቱ የእሱ፣ ጥቅሙ አብዛኛው የሌላ ሰው። የታችኛው ሰው ወደ ላይ ወጥቶ «ይኸው የእርከንህ ዋጋ» አይለውም። ስለዚህ በየዓመቱ ከአጨዳ በኋላ ለተፋሰስ ሥራ ሕዝቡ በዘመቻ ይወጣል። ዘመቻውን የሚያማርር ብዙ ነው፤ ምሬቱም ምክንያት አለው። ግን ሰው ባይወጣ ያን እርከን የሚሠራ ገበያ የለም።

አንዳንድ ጊዜ በር የሌለው ለሚመስል ነገር በር ይገኝለታል። የባሕር ፋና፣ ማለትም ለመርከብ የሚያበራ ግንብ፣ ለረጅም ጊዜ የገበያ ድካም ዋና ምሳሌ ነበር። መብራቱን ያየ መርከብ ሁሉ ይጠቀማል፣ ማን ያስከፍለዋል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሮናልድ ኮስ የሚባል ኢኮኖሚስት የእንግሊዝን ታሪክ ፈትሾ ሌላ ነገር አገኘ። እዚያ ግለሰቦችም ፋና ሠርተው ያስተዳድሩ ነበር። ክፍያው የሚሰበሰበው ባሕሩ ላይ ሳይሆን ወደቡ ላይ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ፈቃዱን የሰጠው ንጉሡ ነው፤ ክፍያውም ግዴታ ነበር። በሩን ነጋዴ ሠራው፣ ቁልፉ ግን መንግሥት እጅ ነበር። የእኛ መንገድ ፈንድም ከዚህ ይመሳሰላል። በ1989 ዓ.ም ሲቋቋም የመንገድ ጥገና ገንዘብ ነዳጅ ላይ በሚጨመር ክፍያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየኪሎ ሜትሩ ኬላ አያስፈልግም። ብዙ የነዳ ብዙ ነዳጅ ይቀዳል፣ ብዙ ይከፍላል። ማደያው በር ሆነ።

«እንግዲያው ሁሉንም መንግሥት ይሥራው» የሚለው ግን አያሳምነኝም። ግብር ማለት ሃምሳውን ሰው አንድ ላይ መጠየቅ ነው፤ ለዚህም ነው የሚሠራው። ነገር ግን ገበያ የማያውቀውን መንግሥት ሁልጊዜ ያውቃል ማለት አይደለም። የትኛው ቀበሌ ድልድይ፣ የትኛው ክትባት እንደሚፈልግ የሚነግረው ዋጋ የለውም። ደግሞ ምርቃት ይወዳል። ሪባን የሚቆረጥለት አዲስ ነገር ገንዘብ ያገኛል። ቦይ መጥረግ፣ ጎማ መቀየር፣ ብሎን ማጥበቅ ሪባን የለውም። በገጠራችን ብዙ ነገር የሚሞተው ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም፤ ተሠርቶ ጠባቂ አጥቶ ነው። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ገበሬዎቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል። በመስኖ አካባቢ «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡታል። ተራ ያወጣል፣ ቦይ ይቃኛል፣ ተራ የሰረቀውን ያስቀጣል። የመስኖ ውሃ ከጤፍ ዝርያ የሚለየው አንዱ ሲወስድ ለሌላው ስለሚጎድል ነው፤ ስለዚህ ጠቡም የከፋ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የተሸለመችውም ይህን የመሰለ ነገር በማጥናት ነው። ከስፔን መስኖ እስከ ስዊዘርላንድ የግጦሽ ተራራ እስከ ኔፓል ቦይ ተከታትላ ያገኘችው የውሃ አባትን የሚያውቅ ሰው አይገርመውም። ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ይለያል፤ ደንቡን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ተቆጣጣሪው ከእነሱ መካከል ነው፤ ቅጣቱ በትንሹ ጀምሮ ይከብዳል። ጣና ዳር ባለው በዘጌም ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በሬ ጠምዶ ማረስን በሚከለክል የቆየ ትውፊት ነው። እዚያ በሩ ሃይማኖት ነው። ግን የውሃ አባት ለአንድ ቦይ ይበቃል እንጂ ለጣና አይበቃም። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ ነፋስ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ይወስደዋል። የራሱን ዳርቻ የነቀለ ቀበሌ በማግሥቱ የጎረቤቱን አረም ይቀበላል። ጥቅሙ የሚደርስበት ሰፈር ሲሰፋ አዋጪውም እንደዚያው መስፋት አለበት።

አጎቴ መንደር የእጅ ፓምፕ አለ። የዛሬ ስንት ዓመት ከውስጡ አንዲት ጎማ ተበላሽታ ቆመ። ጎማዋ ከአንድ ዶሮ ዋጋ የምትበልጥ አይመስለኝም። አምስት ወር ሙሉ ማንም አልገዛትም። ሴቶቹ ወንዝ ወረዱ። ሁሉም ሌላው ያመጣዋል ብሎ ጠበቀ፤ እኔም ለጥየቃ ሄጄ ውሃው የቆመበትን ምክንያት ሰምቼ ገንዘቡ ኪሴ እያለ ተመልሻለሁ። ይህን ስጽፍ ይከብደኛል።

ያስተካከሉት ሴቶቹ ናቸው። በፓምፑ ዙሪያ አጥር አሳጠሩ፣ ቁልፍ አበጁ፣ በወር ከየቤቱ ትንሽ ብር መሰብሰብ ጀመሩ። ገንዘቡን አንዷ ትይዛለች፣ ደብተሩን ሌላዋ። ያልከፈለ አይቀዳም ተባለ። ብዙ ሳይቆይ አንዲት ደካማ አሮጊት ባዶ እንስራ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ስብሰባ ተቀመጡ፤ ረጅም ክርክር ነበር አሉ። አንዳንዷ «ለአንዷ ከተፈቀደ ነገ ሁሉም ድሃ ነኝ ይላል» አለች። በመጨረሻ ደብተሩ ላይ የማይከፍሉ አምስት ቤቶች በስም ተጻፉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ዝርዝሩ ይታያል፤ የሚወጣ ይወጣል፣ የሚገባ ይገባል። ባለፈው ስሄድ ቁልፉን የያዘችው ሴት ከአጥሩ ጥላ ሥር ጥጥ ትፈትል ነበር። ሣጥኗ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት መለዋወጫ ጎማዎች አሳየችኝ።